ትራምፔቱና የፊት ጥርሴ

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሳህሌ፣

ሰላምታዬ ከአቃቂ ጣቢያ ተሳፍሮ ድሬዳዋ ቤትዎ ድረስ ይግባ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያለ ጸሐፊ በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ በማታ ትምህርቱ እኔን የሚስተካከል የለም።

በፋብሪካው ባንድም ትራምፔት የምነፋው እኔው ነኝ። አሰልጣኛችን አቶ ኦላና "አንተ ሰውዬ፣ ከንፈርህ ላይ አትጫነው! የከንፈርህን ጥግ አጥብቀህ በትንፋሽህ ንፋ እንጂ" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ስጫነው የፊት ጥርሴ ይነቃነቃል። ትንሽ ነው። ዳቦውን በጎን አኝካለሁ፣ ሳቄንም ቀነስ አድርጌዋለሁ። አሁን ሳልጫን መንፋት እየተለማመድኩ ነው፤ ከፍተኛዋ ድምፅ ብቻ ገና እምቢ ብላኛለች። ቅዳሜ አቶ ኦላና እያንዳንዳችንን ሰምተው ባንዱ ለሚወጣበት ሰልፍ ነፊዎችን ይመርጣሉ። መቼም ያለ እኔ ሰልፍ የለም።

እትዬ ብዙወርቅን ሰላም ይበሉልኝ። ለመሆኑ ያ እርስዎ ድሮ ባንድ ውስጥ ይመቱት የነበረው ከበሮ አሁንም አለ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ጉልበትዎን ስሜ ተሰናበትኩ፤
የአቃቂው ትራምፔት ነፊ፣ ቀናው