የእትዬ ቨርዴልን ካሴቶች አንስጣቸው

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ ሌመል፤

ጤናህ እንዴት ነው? ባሕሩስ አላወከህም? የመርከቡ ምግብ ተስማማህ ወይስ እንደ በፊቱ ሆድህን ያምሃል? ያ የታመመው ጉልበትህስ? እማዬ ይህን ሁሉ ሳልጠይቅህ ወደ ሌላ ነገር እንዳልሄድ አስጠንቅቃኛለች። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

የእህታችን የእትዬ ቨርዴል መርዶ ከቀብሩ በኋላ ባሕር ላይ እንደደረሰህ እናውቃለን፤ ለምን ቀረ ብሎ የተቀየመህ የለም። ቴሌግራሙ ላይ ልቧ ቆመ ከማለት በቀር ያልነው ነገር ስለሌለ የቀረውን ልንገርህ። የወደቀችው በትንሹ ኮሌጃችን ክፍል ውስጥ ቆማ ስታስተምር ነው። ተማሪዎቿ ሲያነሷት ጠመኔውን እንደጨበጠች ነበር አሉ። ገና አርባ እንኳ አልሞላትም።

ወንድም ጋሼ፣ ከሐዘኑ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ንዴቱ ነው። ዶክትሬቷን ይዛ ስትመጣና ዩኒቨርሲቲው የፖለቲካ ሳይንስ አስተማሪ አድርጎ ሲቀጥራት፣ ፓስተር ክሪተንደን ስሟን ከመድረክ ጠርተው ሕዝቡ ሁሉ ብድግ ብሎ ማጨብጨቡን ታስታውሳለህ። እሷ ግን ቢሮዋ ውስጥ አልተቀመጠችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቴፕ ሪከርደሯን ይዛ በየሽማግሌዎቹ በረንዳ እየዞረች፣ አብራቸው አተር እየፈለፈለች፣ ለመምረጥ ሲሄዱ ምን እንደተባሉ ትጠይቃቸው ነበር። ማን ከሚያርሰው መሬት እንደተባረረ፣ የምርጫ ጣቢያው ሳይነገራቸው ወዴት እንደተዛወረ፣ ሁሉንም በካሴት ቀዳች። እኛ ጥቁሮቹ በቁጥር ከነጮቹ እየበዛን አንድ ሰው እንኳ ማስመረጥ ያቃተን የምርጫ ክልሉ ድንበር ሆን ተብሎ ስለተጣመመ መሆኑን በካርታ አሳየች። ፍርድ ቤት ቆማ መሰከረች፤ ድንበሩም ተቀየረ።

ዩኒቨርሲቲውስ ምን አደረገላት? ቋሚ የምትሆንበት ጊዜ ሲደርስ አሰናበታት፤ ወደ ትንሹ ኮሌጃችን የመጣችውም ለዚህ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ዊትኮም፣ የበረንዳ ወሬ ሳይንስ አይደለም፣ አንቺ የወገኖችሽ ጠበቃ እንጂ ተመራማሪ አይደለሽም አላት። ያን ቀን ዕቃዋን ከመኪና አብሬያት ሳወርድ፣ “ኦሪን፣ ካሴቶቹን ፀሐይ እንዳይነካቸው” ነው ያለችኝ።

ያው ሰውዬ ቀብሯ ላይ መጣልህ። እንግዳ ተነስቶ ሁለት ደቂቃ እንዲናገር እንደምንፈቅድ ታውቃለህ። እሱ ግን ዩኒቨርሲቲው ሁልጊዜ ከጎኗ እንደነበር፣ እሱ ራሱ እንደ ልጁ እንዳያት ይተርክ ጀመር። አክስቴ ኦፋ ከኋላዬ ሆና “እርዳው ጌታዬ” አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት፦ “እርዳው ጌታዬ፣ እርዳው!” ይህን የምንለው ዜማ ለጠፋበት ዘማሪና መውጫው ለጠፋው ሰባኪ መሆኑን ማን ይንገረው? የተወደደለት መስሎት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነንና ጨመረበት። የመዘምራኑ ልጃገረዶች ሳቃቸውን በማራገቢያ ሸፈኑ። በመጨረሻ ወይዘሮ ማቬላ ኦርጋኑን ቀስ አድርገው ጀመሩ። እሱ ድምፁን ሲያነሳ እሳቸውም አነሱ፤ አፉ ብቻ ሲንቀሳቀስ እያየነው ቆይቶ ተቀመጠ። በእህቴ ሬሳ ሳጥን ፊት እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ።

አላፈረም። ከቀብር መልስ በአዳራሹ ምሳ ስንበላ፣ የተጠበሰውን ዶሮ በሰሃን እንደያዘ እማዬ ዘንድ መጣ። አንድ ክፍል በስሟ እንሰይማለን፣ ካሴቶቹ ግን ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ይግቡ አላት። እማዬ አለቀሰች። ልቧ እንደከጀለ አየሁባት፤ አልፈርድባትም፣ የልጇ ስም ያ ሕንፃ ላይ እንዲጻፍ ስትመኝ ኖራለች። እኔ የሠራችውን ወሬ ብለው ጥለው ስሟን ቢጽፉት ምን ያደርግላታል ስላት፣ ገና ጢም ሳታወጣ አትቆጣኝ አለችኝ። ለሰውየውም ታላቁ ልጄ ይወስናል ብላ መለሰችለት። ስለዚህ ነገሩ ያንተ ሆኗል።

ከመወሰንህ በፊት አንድ ነገር ስማ። ወይዘሮ ማቬላ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እኛ ቤት ይመጣሉ። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ሳሎን ይቀመጣሉ፤ እኔም የሟች ባላቸውን የአቶ ኤበንን ካሴት እከፍትላቸዋለሁ። የመራጮች መዝጋቢው ጥቁር ላለመመዝገብ ሰበብ ፈልጎ፣ ለመምረጥ ከፈለግህ የሞቱትን የአውራጃውን ዳኞች ስም ጥራ ሲላቸው፣ “እነሱ ከሞቱማ ቦታ ተለቋል፤ እኔን መዝግበኝ” አልኩት ብለው ይስቃሉ። ወይዘሮ ማቬላ የሚመጡት ለዚያች ሳቅ ነው። እትዬም ለሽማግሌዎቹ ሁሉ ድምፃቸው ከዚህ አውራጃ እንደማይወጣ ቃል ገብታላቸዋለች። ወይዘሮ ማቬላ በወጣትነታቸው በሩን እንዳይረግጡት በተከለከሉበት የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ፣ ዛሬ የባላቸውን ሳቅ ለመስማት ፈቃድ ይለምኑ? ፓስተሩ ለካሴቶቹ ብለው ከመዘምራኑ ክፍል አጠገብ ያለችውን ጨለማ ክፍል ባዶ አድርገዋታል፤ ፀሐይ አይገባባትም።

ትናንት ፕሮፌሰሩ ደግሞ ደወለ። እማዬ ብዙ አዳመጠችው። ከዚያ የስልኩን አፍ በመዳፏ ሸፍና ወደ እኔ ዘወር አለችና “እርዳው ጌታዬ” አለችኝ። ከቀብሩ ወዲህ ያየሁባት የመጀመሪያ ፈገግታ ነው። ያም ሆኖ ያንተን ቃል ሳትሰማ እንቢ አትለውም። ወንድም ጋሼ፣ እንቢ በልልን። መርከቡ ወደብ እንደነካ ጻፍልን።

እማዬ ትስምሃለች፤ ደረትህን ከነፋስ ጠብቅ ትላለች። አክስቴ ኦፋ ሰላም ብላሃለች፤ አሁንም ሚስት አላገኘህም ወይ ብላለች። ፓስተር ክሪተንደን በጸሎት አልረሱህም። ወይዘሮ ማቬላ አሁን እዚሁ ሳሎን ተቀምጠው ሰላምታቸውን አቅርብልኝ እያሉኝ ነው። አቶ ኤበንም አጠገባቸው እየሳቁ ነው።

ታናሽ ወንድምህ ኦሪን ሃርድዊክ
ሎውንዴል፣ አላባማ
ጥቅምት 12 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.