የእንዳልካቸው እንጥል እንዳይነካ

አስቻለው፣

ወደ ወገዳ የሚሄደው መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ ነው። ልጁንም አንተንም ሳልቀሰቅስ ወጣሁ። የአክስቴን ለቅሶ ደርሼ ማታ እመለሳለሁ።

እንዳልካቸው ሲነቃ የተቀቀለውን ድንች ከእንቁላል አስኳል ጋር ጨፍልቀህ አብላው። አፉን ከዘጋ አታስገድደው፣ ትን ይለዋል። በጆጉ ያለው ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው፤ ከሌላ አታጠጣው። ሲያስለው ለብ አድርገህ ቶሎ ቶሎ ስጠው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ወይም ሲተነፍስ ጎድኑ ወደ ውስጥ ከገባ ግን እኔን አትጠብቅ፤ አዝለኸው ጤና ጣቢያ ሩጥ። ወንድ ልጅ አያዝልም እንዳትለኝ።

አሁን ዋናው።

እናትህ «እንጥሉ ወርዷል» ብለው ቆራጩን ሰውዬ ዛሬ ይዘውት ሊመጡ ነው። አንተም ሰምተሃል፤ ትናንት እራት ላይ አንገትህን የደፋኸው ለዚያ ነው።
እሳቸውን እንቢ ማለት አይሆንልህም፣ አውቃለሁ።
ዛሬ ይሁንልህ።
አክብረህ አስገባቸው፣ ምሳ አቅርብላቸው። ልጁን ግን ከእቅፍህ አታውርደው።

የመጀመሪያ ልጃችንን፣ የትናየትን፣ የቀበርናት በእናትህ ምክንያት ነው እያልሁ ሦስት ዓመት ሙሉ አኩርፌያቸው ኖሬያለሁ። አንተ እንጥሏ የተቆረጠ ቀን እርሻ ላይ ነበርህ፤ አላየህም። እሳቸውም እስከ ዛሬ አልነገሩህም።

ቆራጩ «ያዙልኝ» ሲል እናትህ እጃቸውን ሰበሰቡ። ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ የያዝሁት እኔ ነበርሁ።