ከወንበሯ ስላስነሷት ልጄ

ይድረስ ለተከበሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጉልበትዎ እንዲበረታ፣ ድምፅዎም እንደ ወትሮው ያለ ማጉያ አዳራሹን የሚሞላ ሆኖ እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ስለሚሆንብኝ አለሁ ብዬ ልለፈው። ምናልባት ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ቢሮዎ መጥቼ ኮፍያዬን በእጄ ይዤ የቆምኩት የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ካላስታወሱኝም ግድ የለም፤ ልጄን አልረሷትም፤ ዩኒቨርሲቲ ከገቡት ጋር ፎቶዋን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰቅለውልኛል፤ ከግራ ሦስተኛዋ እሷ ናት።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ላመሰግንዎ ነው። ሥርዓት ወዳድ መሆንዎን ስለማውቅም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያ የማመሰግንዎ በየዓመቱ ስለሚያዘጋጁት የተመራቂዎች መሰናበቻ ነው። ለማያውቁት አንባቢዎች ባስረዳ፣ ርዕሰ መምህራችን ከመድረክ ሆነው ስም ሲጠሩ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ብድግ ይላል፣ አዳራሹም ያጨበጭባል። ወደ ሙያ ማሠልጠኛ የሚሄደው ግን ስሙ ሲጠራ እንደተቀመጠ ይቀራል፤ ወዲያው የሚቀጥለው ስም ይጠራል። ይህ የተደረገው ልጆቹ መነሣት እንዳይደክማቸው ታስቦ ይመስለኛል።

የልጄ ውጤት ለየትኛውም የሚበቃ ነበር፤ እሷ የመረጠችው ግን እንጨት ሥራን ነው። ነገሩ የመጣው ከእናቷ ሕመም ጋር ነው። ባለቤቴ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራት ስለነበር፣ ልጄ ከትምህርት ቤት መልስ ጎረቤታችን አናጢ ዘንድ እየዋለች፣ ስንት ጊዜ አበላሽታና አፍርሳ፣ ራስጌው ከፍና ዝቅ የሚል አልጋ ሠራችላት። ባለቤቴ ያረፈችው በዚያ አልጋ ላይ ነው። ራስጌውን ከፍ ስናደርግላት "ልጄ አቅፋኝ ነው የምተኛው" ትል ነበር።

እንግዲህ ልጄ ስሟ ሲጠራ ያልተነሣችው ለዚህ ነው። እርስዎ ግን አልሰማችም ብለው ደገሙት፣ ሰለሱትም፤ በመጨረሻም ያ ሁሉ ክብር ሳይከብድዎ ከመድረክ ወርደው እጇን ይዘው አስነሧት። "ደስታው አደንዝዟት ነው" ብለው ሲቀልዱም ሰዉ ሁሉ ሳቀና አጨበጨበ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ፣ ልጅቷ ፈልጋ ተቀምጣ ይሆን ብሎ የጠረጠረ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። እሷ ደግሞ ሰው ፊት አፍ አውጥታ የምትከራከር ልጅ አይደለችም።

፪ኛ. ሁለተኛው ምስጋናዬ በማግሥቱ ቢሮዎ ስመጣ ስለለገሡኝ ምክር ነው። "ጭንቅላት ያላትን ልጅ በእጅ ሥራ አያባክኑብን" አሉኝ። ሃያ ዓመት መሪ ስይዝ በየትኛው አካሌ እንደምነዳ አስቤበት አላውቅም። ያም ሆኖ ልጄን ይዤ ማሠልጠኛው ሄድኩ። መዝጋቢዋ ውጤቷን አይታ፣ ቦታው ላልተሳካላቸው ነው፣ የእነሱን ዕድል አትሻሚ ብላ መለሰቻት። አስቀድመው ስልክ ደውለው አደራ ያሏት እርስዎ መሆንዎን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ሁሉ ሥራ ተሸክመው ለልጄ ጊዜ አላጡም፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ቤታችን ደግሞ በእንኳን ደስ አላችሁ ተጥለቅልቆ ነበር። አክስቷ ሻንጣ ገዝታ መጣች። ልጄም "በቃ አባዬ፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል" ብላ ሻንጣውን አንሥታ ሄደች።

፫ኛ. አሁን የሒሳብ አያያዝ ትማራለች፤ ውጤቷም ጥሩ ስለሆነ አይሥጉ። ድሮ ገና ከበር ስትገባ ፀጉሯ ውስጥ ሰጋቱራ አይጠፋም ነበር፤ ቤቱን አቆሸሽሽው እያልኩ እቆጣት ነበር። አሁን ለዕረፍት ስትመጣ ቤቱ ንጹሕ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ልጄ ለዕረፍት መጥታ ሳለች፣ የዚያ አልጋ የራስጌ ድጋፍ ተሰብሮ ወደቀ። አሁን የምተኛበት እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሲሰበር ደስ አለኝ። መሮና መላጊያዋን ከሣጥን አውጥቼ፣ ዝገቱን ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ አልጋው ላይ ደረደርኩና ጠራኋት። በሩ ላይ ቆማ ትንሽ አየችው።

"አባዬ፣ አናጢ ጥራ" አለችኝ።

በቁጣ ብላው ቢሆን እሰየው ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይመለሳል። እሷ ግን እንደ ማንም ሰው፣ ስለ ማንም አልጋ እንደምትናገር ነው ያለችው። እኔም መሣሪያውን መልሼ ቆለፍኩና ወጥቼ ባዶ አውቶቡሴ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

፬ኛ. ለአራተኛው ቃል አጣሁለት። ቁጥሩን ብቻ ይቀበሉኝ።

የዘንድሮው መሰናበቻ መቃረቡን ሰምቻለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ስሙ ተጠርቶ የማይነሣ ልጅ ካዩ፣ እባክዎ አልሰማም ብለው አያስቡ። ሰምቶ ይሆናል።

ለሰው ልጅ ማደግ ሲሉ ከመድረክ እስከ መውረድ ለሚደርሱት ክቡርነትዎ፣ ልጄን ያህል ነገር ካበረከትኩ ወዲህ የምጨምረው የሌለኝ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እየገለጽኩ፣ አክባሪዎ ነኝ፤

ከግራ የሦስተኛዋ ፎቶ አባት

ግልባጭ፦
በዚያ ቀን ላጨበጨባችሁ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ያን ዕለት ተደግፈው የተናገሩበትን አትሮኖስ እንዳይወዛወዝ አድርጋ የጠገነችው ልጄ ነበረች። ዘንድሮ እንደገና መነቃነቅ መጀመሩን ሰምቻለሁ። እንድትጠግነው ልጄን ልጠይቅልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የምትለውን ስለማውቅ ተውኩት። አናጢ ይጥሩ።