እድራችን ወረቀት ጠየቀ

ውድ ደምሴ፣ የቤቴ አባወራ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትህ ታስቧል፤ ሐውልትህም ቆሟል። ፎቶውን የመረጠችው ልጅህ ሩት ስለሆነች ያንን የምትጠላውን ክራባት አስረህ ነው የተቀረጽከው፤ እኔ የለሁበትም።

እኛ ደህና ነን። እዚያው ፒዮሪያ መንገድ ላይ ያለው አፓርትመንታችን ውስጥ ነው ያለነው። ሩት መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ የነዳ ሰው ልጅ ሆና፣ ፓርክ ስታደርግ የሁለት መኪና ቦታ ትይዛለች። የታችኛው ቤት ሰውዬ በተናደደ ቁጥር አንተን አስታውሼ እስቃለሁ፤ ብታየው ከእሱ ይልቅ የምትጮኸው አንተ ነበርክ። እኔም የነርሲንግ ሆሙን ሥራ አልለቀቅኩም፤ ወገቤ ነው እየለቀቀኝ ያለው።

ይህን የነገርኩህ ለወጉ ነው። ብዕር ያነሳሁት ግን ተናድጄ ነው፤ ለሌላ ሰው ባወራው ሐሜት ይሆንብኛል።

በሐምሌ ሙቀት የስቴቱ ሕግ አውጪዎች ዴንቨር ላይ ለልዩ ስብሰባ ተጠርተው ስለ ኢሚግሬሽን ሕግ ሲያወጡ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ማስከበር ካቃተው እኛው እናስከብረዋለን ነው ነገሩ። ከስቴቱ እርዳታ የሚጠይቅ አዋቂ ሁሉ በሕግ የሚኖር መሆኑን በመታወቂያ እንዲያሳይና ፈርሞ እንዲያረጋግጥ ተደነገገ። ቀደም ብሎም ፖሊስ ያሰረውን ሰው ወረቀት የለውም ብሎ ከጠረጠረ ለኢሚግሬሽን እንዲያሳውቅ ታዟል። ቴሌቪዥኑ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

የፈራው ወረቀት የሌለው ብቻ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሱቅ ያለው፣ ዜግነቱን ከተቀበለ ስንት ጊዜ የሆነው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ስለ ሌላው ምን አወራለሁ፣ እኔም የዜግነት ወረቀቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ መዞር ጀመርኩ። ቲማቲም ልገዛ ስወጣ፣ አስበው!

ከዚያ ነገሩ እድራችን ውስጥ ገባ። ጤናህ ሲታወክ ሊቀ መንበርነቱን ያስረከብከው በላቸው፣ ከቅዳሴ በኋላ በነበረው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ እያንዳንዱ አባል የግሪን ካርዱን ወይም የዜግነቱን ወረቀት ኮፒ አድርጎ ያምጣ፣ የማያመጣ ስሙ ይሰረዛል አለ። ለምን ሲባል፣ እድራችን ስቴቱ ዘንድ ሬጅስተር የተደረገ ስለሆነ ሕጉ ይመለከተናል፣ ወረቀት የሌለውን ስንረዳ ከተገኘን ይዘጉናል ብሎ አረፈው።

ሩት ሕጉን ከኢንተርኔት አውርዳ አነበበችልኝ። ማሚ፣ እድር እኮ ገቨርንመንት አይደለም፣ ሰዎቹ ኮንፊውዝድ ሆነዋል ብላ ሳቀች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። እሷ ቀበሌ የሚባል ነገር አታውቅም። እኛ ግን እድሩም ሸንጎውም ቀበሌ ስር በነበረበት ዘመን ያደግን ሰዎች ነን፤ አዋጅ ሲወጣ ማንም ሳይጠራን አቤት ማለት ለምዶብናል። ይኸው ኮሎራዶም መጥተን አልለቀቀንም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች እድር የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አያውቁም፤ እኛ ግን ቀድመን ራሳችን ላይ አስከበርነው።

ይህ ሁሉ የወደቀው ጽጌ ላይ ነው። የጥገኝነት ጥያቄዋ ውድቅ እንደሆነ፣ ይግባኙንም እንደተረታች ሁላችንም እናውቃለን፤ ጸልዩልኝ ብላ የነገረችን ራሷ ናት። ኩላሊትህ እየታጠበ ዲያሊስስ ላይ ሳለህ እኔ ሥራ ስገባ ከሎውሪ ሰፈር በአውቶቡስ መጥታ አጠገብህ የምትቀመጠው እሷ ነበረች። በኮንከር ስትረታህ ካርታውን ወርውረህ ታኮርፋለህ፤ ከዚያ እሷ ሆን ብላ አንድ ዙር ትሸነፍልህና ፊትህ ይፈታል። አንተ እስከ መጨረሻው በችሎታዬ ነው ትል ነበር። እዚህ ኦሮራ ከተማችን ውስጥ ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርሰው፣ ወጡን የምትሠራው፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቤቱን ጠርጋ የምትወጣው ማን እንደሆነች ታውቃለህ። ያንተም ጊዜ እንደዚያው ነበር።

እዚህ አገር ዘመድ የሚባል ሰው የላትም። አንድ ነገር ብትሆን የሚቀብራት፣ ወይም አስከሬኗን ለእናቷ የሚልክላት ይኸው እድር ብቻ ነው። ስትሰረዝ ዝም ብዬ ባይ ምን ትለኝ ነበር?

እድሩ ሲመሠረት ሳሎናችን ውስጥ የተጨቃጨቃችሁት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ያ ብቻውን የኖረ የታክሲ ሾፌር ጓደኛችሁ ሞቶ፣ የሚረከበው ዘመድ ጠፍቶ ሬሳው ሆስፒታል ከሰነበተ በኋላ፣ ከቀብሩ መልስ ነበር የተሰበሰባችሁት። አንዱ አባል ለመሆን ይህ ይሟላ ይላል፣ ሌላው ያ ይጨመር ይላል። አንተ በመጨረሻ ጠረጴዛውን መታህና፣ መዋጮውን የከፈለና ለቅሶ የደረሰ አባል ነው፣ ሌላ ምንም አይጠየቅም ብለህ ደንቡን በእጅህ ጻፍከው። እኔ ከጓዳ ሆኜ፣ ቀስ በል፣ ልጅቷን ቀሰቀስካት እያልኩ እቆጣህ ነበር። የተናገርከውን ያን ቀን በደንብ አልሰማሁትም፤ አሁን ነው የሰማሁት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ ተነስቼ ተናገርኩ። ሩት ያወረደችውንም ሕግ አሳየኋቸው፤ ለጥንቃቄ ነው አሉኝ። ጋሽ ኪዳኔም ተናገሩ። አሥመራ ተወልደው ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ያስተማሩት ሰውዬ፣ በጦርነቱ ጊዜ ኤርትራዊ ነህ ተብለው እንዴት ከአገር እንደወጡ ታውቃለህ። በዚያ በሚያምር አማርኛቸው፣ እኔ ማንነቴን ጠይቀው በአውቶቡስ ጭነው ካባረሩኝ ወዲህ ወረቀት የሚጠይቅ እድር ውስጥ አልቀመጥም አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ተከትሏቸው የወጣ የለም። እጅ አውጡ ሲባል የበዛው እጅ ለበላቸው ወጣ። ያንተን የሬሳ ሳጥን የተሸከሙ ሰዎች ናቸው፣ ደምሴ። ክፉዎች ቢሆኑ ተጣልቻቸው ይወጣልኝ ነበር። ክፉዎች አይደሉም፤ ፈርተው ነው፤ ያበገነኝም ይኸው ነው።

ስብሰባው ሊበተን ሲል እንደገና ተነሳሁ። ያላስመዘገብኳት እህት አለችኝ፣ ትመዝገብልኝ አልኩ። ደንባችን የአባል እህትና ወንድም በአባሉ ስር ይሸፈናሉ ይላል፤ አዲሱ ውሳኔም ወረቀት የሚጠይቀው አባሉን እንጂ ቤተሰቡን አይደለም። ማን ትባላለች አለኝ በላቸው። ጽጌ አልኩት። የአባቷ ስም ከአባቴ ስም እንደማይገጥም ሁሉም ያውቃል። የእናቴ ልጅ ናት አልኩ።

በላቸው እኮ ደሴ አንድ ሰፈር ያደግን ሰው ነው። እናቴ ከእኔ ሌላ እንዳልወለደች አሳምሮ ያውቃል፤ ዳቦዋን እየበላ ነው ያደገው። ጽጌ ደግሞ ጎንደሬ ናት፤ እናቴ ጎንደርን በዓይኗ አላየችም። ቀና ብሎ ብዙ አየኝ። እናቴን መቃብሯ ውስጥ ሌላ ልጅ አስወለድኳት፣ እሷ ይቅር ትበለኝ። ከዚያ በላቸው እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

ግን አንድ ነገር ነበር። ደንቡ የአባል እህት ይላል እንጂ የአባል ሚስት እህት አይልም፤ አባሉ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ አንተ ነበርክ። ካረፍክ ወዲህ ስምህን እንዲያነሱት አልፈቀድኩላቸውም ነበር። በስም ጥሪው ላይ ደምሴ ሲባል፣ አለ እል ነበር። አንዳንዱ ጤና የላትም ሳይለኝ አልቀረም። ሰው ሁሉ እኔ ፊት ስምህን ማንሳት ይፈራል፤ በወር አንድ ቀን ከሰው አፍ የምሰማው እዚያ ብቻ ነበር። ጽጌ እንድትገባ አባልነቱ ወደ እኔ ስም መዞር ነበረበት። በላቸውም ገብቶት፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። አዙረው አልኩት።

ለጽጌ ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ተቆጣች። በቁሜ አፍራችሁብኝ ስሞት ልታከብሩኝ ነው ወይ አለችኝ። እውነቷን ነው። ስብሰባ መምጣት ትታለች። አውቶቡስ ውስጥ ሆና ፖሊስ መኪና ባየች ቁጥር ካሰበችበት ሳትደርስ ትወርዳለች። እኔ ያስተካከልኩላት ሞቷን ብቻ ነው፤ ኑሮዋን ማን ያስተካክልላታል? ይህን ሳስብ ሕግ አውጪዎቹንም በላቸውንም ራሴንም አንድ ላይ እረግማለሁ።

ባለፈው ስብሰባ በላቸው፣ ወይዘሮ የሺ ብሎ ጠራ። ያንተን እየጠበቅኩ ስለነበር ዝም አልኩ። ደግሞ ጠራኝ። አለሁ አልኩ፤ እንባዬም መጣ።

ቅር ብሎህ ከሆነ ቻለው። ከጽጌ በቀር ለማንም ብዬ ስምህን አላስነሳም ነበር። አልረሳህም፣ ደምሴ። ደንቡ አንተ እንደጻፍከው እስኪመለስ ድረስ በየስብሰባው እየተነሳሁ አነሳባቸዋለሁ። ይሰለቹኛል፤ ያቺ የደምሴ ሚስት ደግሞ ተነሳች ይላሉ። ይበሉ፤ ስምህን እንዲያ እየሰማሁ እኖራለሁ።

ሚስትህ የሺ