ድምፅ ያልተሰማባት መኪና

ለወንድሜ ልጅ ለሂባ፣ ጅማ።

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናሽ፣ ትምህርትሽ፣ የጅማ ዝናብስ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ።

አደራ የሰጠሽኝ ሃይብሪድ መኪናሽ ደህና ናት። አስተማሪ ሳያሻኝ፣ ሞተሯ ጠፍቶ በባትሪ ብቻ የምትሄድበትን ቁልፍ አገኘሁት። ነዳጅ የቆጠብኩ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ በሱ ነዳሁ። ለካ ባትሪው ሲደክም ሞተሩ ይነሳና ቤንዚኑን እየጠጣ መልሶ ይሞላዋል። ቁጠባው ይህን ያህል አይደለም። ዝምታዋ ግን ሸይጣን አደረገኝ።

ባለፈው ጁምዓ አባትሽ ግቢያችሁ ውስጥ መሰላል ላይ ቆሞ ማንጎ ይለቅም ነበር። በባትሪ ቀስ ብዬ ከኋላው ደረስኩና ክላክሱን አስጮህኩት። ልንስቅ ነበር። ወደቀ።

ሐኪሞቹ ዳሌው ላይ ትንሽ ነገር ነው ብለዋል። «አንተ አብዱልሐሚድ፣ ስልሳ ሞላህ፤ መቼ ነው የምታድገው?» አለኝ ተኝቶ እየሳቀ። እናትሽ ኸድራ ግን አልሳቀችም። ሻይ ስታቀርብልኝ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ይህን ስጽፍም አንቺ ፊቴን የምታዪኝ ይመስለኛል።

ጅማ ጥሩ ክራንች ይሸጣል? ረጅም ለሆነ ሰው የሚሆን። እንዲሁ ለማወቅ ነው። የአጥንት ሐኪም የምታውቂ ከሆነም ራጁን ልላክልሽ።

አባትሽ «አትጻፍላት፣ ፈተና ላይ ናት» ብሎኝ ነበር፤ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው። ጓደኞችሽን ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ አላህ ይጠብቅሽ።

አጎትሽ አብዱልሐሚድ

አባትሽ ከዚህ በታች በእጁ ሰላም ሊልሽ ፈልጎ ነበር። ቁጭ ማለት ስላልቻለ እኔው ጻፍኩለት፦ «ደህና ነኝ» ብሏል።