ስለ ኦዴሳ የተናገርኩት

ለውድ እናቴ ለሉቨርን፣

እንደምን ከረምሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ቻለው? ሳልሽ ተሻለሽ ወይ? የሚልዋኪ ብርድስ ገብቶ ይሆን? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ስልክሽን ሳላነሳ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፣ አፍሬ ነው።

ወደዚህ ኮሌጅ ስመጣ እጄን ይዛ ሥራ ያስተማረችኝን ኦዴሳን ታውቂያታለሽ። የስፖርተኞቹን ትምህርት በምንከታተልበት ቢሮ ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። ከተጫዋቾቹ የሚበዙት ጥቁሮች ናቸው፤ ከእኛ ከአማካሪዎቹ የሚበዙት ሴቶች ነን። የኃላፊው ወንበር ላይ ግን ከነጭ ወንድ በቀር ተቀምጦበት የሚያውቅ የለም። ኦገስት ላይ ኃላፊው ጡረታ ሲወጣ፣ "በቃ፣ አሁን ተራው የኦዴሳ፣ የጥቁሯ ሴት ነው" ተባባልን። እኔም አዲሱን ኃላፊ ከሚመርጡት አምስት ሰዎች አንዷ ሆንኩ፤ ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከስብሰባው በፊት የስፖርት ክፍሉ ምክትል ሚስተር ኮይል ጠራኝና፣ "ኦዴሳ ከአሰልጣኞቹ ጋር የምትስማማ ይመስልሻል?" አለኝ። አምና ከፈተና የቀረ ተጫዋች ይለፍ ሲሏት አልፈርምም ብላ ዋናውን አሰልጣኝ እንዳስቀየመች ሁለታችንም እናውቃለን። ልክ ነበረች። እኔ ግን ፊቱን አየሁና፣ "ትንሽ ድርቅ ትላለች" አልኩት። ስብሰባው ላይ ይህችኑ ቃል አወጣት። "የገዛ ባልደረባዋ እንኳ ብላለች" ሲል አንገቴን ደፋሁ። ይህን ሥራ ሦስት ዓመት ብቻ የሠራ ሊንድሆልም የሚባል ነጭ ተመረጠ። በሳምንቱ እኔን የሊንድሆልም ምክትል አደረጉኝ፤ ፎቶዬንም በኮሌጁ መጽሔት ላይ አወጡት።

ባለፈው ማክሰኞ አላስችል ብሎኝ ኦዴሳ ዘንድ ገብቼ ነገርኳት። ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ "አውቃለሁ። ራስሽ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው፤ ሰባት ሳምንት ፈጀብሽ" አለችኝ። ይቅርታ ስለምናት፣ "አንቺ ልጅ፣ እዚህ አታልቅሺብኝ። እውነቱን ለበላዮቹ ጻፊላቸው" አለች።

ጻፍኩ። የጠየቀኝን፣ የመለስኩለትን፣ ዝም ያልኩበትንም ሳልደብቅ ፈርሜ ዛሬ ጠዋት ለኮሌጁ ፕሬዚዳንት ቢሮ ሰጠሁ። ምርጫው እንደገና ይታያል ብለውኛል። እኔን ያቆዩኝ ያባርሩኝ አላውቅም። ኦዴሳ እስካሁን ምሳ አብራኝ አትበላም፤ አልፈርድባትም።

ለወንድሜ ለቫንስ፣ ለሚስቱ ለቴሪሳ፣ ለልጃቸው ለኒያ፣ ለአክስቴ ለዊላ ሜ በያሉበት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። መሾሜን ሰምተሽ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ እንዳወራሽ ቫንስ ነግሮኛል። እባክሽ እማዬ፣ ይህንንም አንብቢላቸው።

ልጅሽ ዴልፊን
ታላዶ፣ ሚሲሲፒ
ኖቬምበር 7 ቀን 2014