የአባትሽ አርባ መጥረጊያ

ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ እንደምን ሰነበትሽ? የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽን ወገቡን ያመዋል፤ አናጢነቱን ግን ተው ብለው አይሰማም።

ያን ፎቶ ከባሕር ማዶ የላክሽልኝ ጊዜ፣ ትልልቅ ሰዎች መጥረጊያ እግራቸው መሃል አድርገው ሲሮጡ አይቼ «ልጄን ምን ነካት?» ብዬ ነበር። ለካ እዚህም አለ! የዚሁ ጨዋታ ፌዴሬሽን ጸሐፊ አባትሽ ዘንድ መጥታ፣ «ከልቦለድ የወጣ ስፖርት ነው፤ ሰባት ክለቦች መዝግበን ብሔራዊ ውድድር ልንጀምር ነው» ብላ አርባ ዘንግ አዘዘች። አባትሽ ሁሉም ጫፍ ላይ ጭራሮ አስሮ ጠበቃት! ደንቡ ባዶ ዘንግ ነው ብትለው፣ «ጭራሮ ከሌለው ምኑን መጥረጊያ ሆነ?» ብሎ ተቆጣ። አርባውንም ስፈታ የዋልኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ምን እንደሚሠሩበት ለማየት ውድድሩ ላይ ሄድኩ። በኳስ የተመታው ሁሉ ጨዋታውን ትቶ ወደ ኋላ ይሮጣል። «ፈርቶ ነው?» ብዬ ጸሐፊዋን ጠየቅኳት።

«አይደለም እማማ፤ የተመታ ሰው ተመልሶ የራሱን ቡድን የግብ ቀለበት ሳይነካ መጫወት አይችልም» አለችኝ።

ይህ ደንብ ከልቤ አልወጣ አለ። በስልክ ድምፅሽ ደክሞ እሰማዋለሁ፤ አንቺ ግን «ደህና ነኝ» ነው መልስሽ። ከሄድሽ አራት ዓመት ሙሉ አንዴም በኳስ አልተመታሽም?

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። እስቲ ብቅ በይና በራችንን ነክተሽ ተመለሺ። አልይዝሽም።

እናትሽ